የበቆሎ ምጥን ገንፎና ላይሲን፦ ስንት እጅ ጥራጥሬ ይግባበት? እንዴትስ ይቆላ?

ምጥን_ሔርማታ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሔርማታ አካባቢ አራት ሴቶች ሆነን ለልጆች ገንፎ የሚሆን ምጥን ዱቄት እያዘጋጀን እንሸጣለን። ልኬታችን ዘጠኝ እጅ በቆሎ፣ አንድ እጅ ሽምብራ ነው። ሽምብራውን ጠቆር እስኪል እንቆላዋለን፤ ገዢ የሚወደው ሽታውን ነው። አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ዱቄቱን አይተው «ላይሲን ያንሰዋል፤ ያለውንም በመቁላት እያጠፋችሁት ነው» አሉን። ስለዚህ፦ ላይሲን ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? ሽምብራውን ምን ያህል እናሳድገው? አቆላሉን ብናስተካክል ሽታውን እናጣለን ወይ? ፋርማሲ የሚሸጠውን የላይሲን እንክብል ፈጭቶ መጨመርስ ይቻላል? በቁጥር የሚመልስልን ብናገኝ ደስ ይለናል።

ባዮኬሚስትሪ_መምህር

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ፤ የቀሩት መልሶች ከዚያ ስለሚወጡ።

ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ሃያ ናቸው። ዘጠኙን የሰው አካል መሥራት ስለማይችል ከምግብ ይጠብቃቸዋል፤ ላይሲን ከዘጠኙ አንዱ ነው። ከብዙዎቹም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌሎቹ ናይትሮጅናቸውን ቢያጡ የቀረው አካላቸው ከሌላ ቦታ ናይትሮጅን ተቀብሎ ሊጠገን ይችላል። ላይሲንና ትሪዮኒን ግን እንዲህ አይጠገኑም። ጉበት ውስጥ አንዴ መፍረስ የጀመረ ላይሲን አይመለስም። እንደ ስብ ተከማችቶ የሚጠብቅ ጎተራም የለውም።

አሁን ቅርጹን አስቡት። ላይሲን ሁለት የአሚኖ ጫፍ አለው። አንደኛው ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ የፕሮቲኑን ሰንሰለት ይሠራል። ሁለተኛው በረጅም ጭራ መጨረሻ ላይ ነጻ ሆኖ ይቀራል። ላይሲን የሚፈለግባቸው ልዩ ልዩ ሥራዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ ነጻ ጫፍ ነው። ምጣድ ላይ የሚበላሸውም እሱ ነው።

አጥንትን፣ ቆዳንና ጅማትን የሚያጠነክረው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። ገመዶቹ እርስ በርስ የሚታሰሩት በላይሲን ነጻ ጫፍ ነው። የሚያስራቸው ኢንዛይም ያለ መዳብ አይሠራም፤ ከዚያ በፊት አንዳንዶቹን ላይሲኖች የሚያዘጋጀው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ አይረንና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ዲኤንኤ የሚጠቀለልባቸው ፕሮቲኖችም በላይሲን የበለጸጉ ናቸው፤ ነጻው ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ዲኤንኤው ኔጋቲቭ ስለሆነ ይሳሳባሉ። ሴል አንድን ዘረመል ማንበብ ሲፈልግ የእነዚህን ጫፎች ቻርጅ ሸፍኖ ጥቅልሉን ያላላዋል። ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው የቫይታሚን ኤ ውጤትም የተያያዘው ከአንድ ላይሲን ጋር ነው፤ ሮዶፕሲን በተባለው ፕሮቲን 296ኛ ቦታ ላይ። ስብን ወደ ሴሉ የኃይል ማመንጫ የሚያሻግረው ካርኒቲንም መነሻው ላይሲን ነው።

ሲጎድል ምን ይሆናል? ፕሮቲን ሲሠራ የዘረመሉ መመሪያ ላይሲን ባዘዘበት ቦታ ሌላ አሚኖ አሲድ አይተካም። የተረፉት አሚኖ አሲዶች ለኃይል ይቃጠላሉ፤ ናይትሮጅናቸው ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል። ልጁ የበላው ፕሮቲን በግራም ሲቆጠር የሚበቃ ሊመስል ይችላል፤ አካል የሚገነባበት ግን በላይሲኑ ልክ ብቻ ነው። በቆሎ ላይ ያለው ችግር ይህ ነው።

ገንፎና_ቁጥር

እኔ ቁጥሩን ላስቀምጥ። በ100 ግራም ደረቅ እህል፣ በተጠጋጋ ስሌት፦

በቆሎ 9 ግራም ፕሮቲን፣ 250 ሚሊግራም ላይሲን
ሽምብራ 20 ግራም ፕሮቲን፣ 1,340 ሚሊግራም ላይሲን
ባቄላ 26 ግራም ፕሮቲን፣ 1,660 ሚሊግራም ላይሲን
አተር 24 ግራም ፕሮቲን፣ 1,730 ሚሊግራም ላይሲን
አኩሪ አተር 36 ግራም ፕሮቲን፣ 2,300 ሚሊግራም ላይሲን

ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 45 ሚሊግራም ያህል ላይሲን ያስፈልገዋል፤ ለአዋቂ 30 ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 450 ሚሊግራም ማለት ነው። ከተበላው ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደም የሚገባው 80 ከመቶ ያህል ነው ብለን እንያዝ።

100 ግራም የበቆሎ ዱቄት ብቻ የበላ ልጅ 200 ሚሊግራም ያህል ያገኛል፤ ከግማሽ በታች። የእናንተ ዘጠኝ ለአንድ 290 አካባቢ ይሰጣል፤ እሱም ሽምብራው ሳያር ከተቆላ ነው። 70 በቆሎ ለ30 ሽምብራ ብታደርጉት 460 ይደርሳል፤ ልጁን ያሟላል። 60 በቆሎ፣ 25 አተር፣ 15 አኩሪ አተር ብታደርጉት ደግሞ ወደ 740 ይወጣል፤ ልጁ 60 ወይም 65 ግራም ዱቄት ብቻ ቢበላ እንኳ ይበቃዋል። እኔ የምመክረው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ትንሽ የሚበላ ወይም ከሕመም የተነሳ ልጅ 100 ግራም አይጨርስም።

ለ10 ኪሎ ምጥን፦ 6 ኪሎ በቆሎ፣ 2 ኪሎ ተኩል የአተር ክክ፣ 1 ኪሎ ተኩል የተላጠ አኩሪ አተር። መመዘን ያለበት ከተለቀመ፣ ከተላጠና ከደረቀ በኋላ ነው። ገበያ ላይ የገዛችሁትን ሚዛን ከያዛችሁ ገለባው ሲወጣ የጥራጥሬው ድርሻ ከተባለው በታች ይወርዳል። በጣሳ የምትሰፍሩ ከሆነ እህሉ ሳይፈጭ ስፈሩት። ዱቄት ግን ጣሳ ሲመታ ስለሚጠቀጠቅ መስፈሪያው ያታልላል።

ለውዝና ሰሊጥ ዘይታቸው ለኃይል መልካም ነው፤ ነገር ግን የላይሲንን ክፍተት በእነሱ መሙላት አይቻልም። በፕሮቲናቸው ውስጥ ያለው የላይሲን ድርሻ ከሽምብራ በእጅጉ ያንሳል። ቆጮ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፕሮቲኑ ራሱ ኢምንት ነው፤ ለምጥን መነሻ አይሆንም።

ስንዴና ባቄላ አብሮ የሚቀቀልበት ጉልባን፣ እንጀራ በሽሮ፣ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ይህንኑ ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ምግቦች ናቸው። ጥራጥሬ ላይሲን ሞልቶለት ሜቲዮኒን ያንሰዋል፤ እህል ደግሞ በተቃራኒው። ለአዋቂ ሁለቱ በአንድ ቀን ውስጥ ቢበሉ ይበቃል። ሆዱ ትንሽ የሆነ ልጅ ግን በእያንዳንዱ ሳህን አንድ ላይ ቢያገኛቸው ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዋጋው ረከሰ ተብሎ ጓያ ፈጽሞ አይግባ። ላይሲን ሞልቶታል፤ ግን እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለበት። ክክ ስትገዙ በእጃችሁ በትናችሁ እዩ፤ የጓያ ፍሬ እንደ አተር ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው፣ የመጥረቢያ ስለት የሚመስል ነው። ከተከካ በኋላ መለየት ስለሚያስቸግር ሙሉውን ፍሬ ገዝቶ ቤት መከካት ይመረጣል።

የእህል_ነገር

ወደ ምጣዱ ልምጣ፤ ባለሙያዋ ያሏችሁ ትክክል ነው።

የላይሲን ነጻ ጫፍ በሙቀት ውስጥ ከስኳር ጋር ሲገናኝ ይጣበቃል። መጀመሪያ የሚፈጠረው ነገር ቀለም የለውም፤ ሙቀቱ ሲቀጥል ወደ ቡናማ ቀለምና ወደዚያ ደስ የሚል ሽታ ይቀየራል። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ለውጥ ነው። የዳቦ ቅርፊትና የበሶ ሽታ ከዚሁ ይመጣሉ። ቡናችንም እንዲሁ ነው፤ አረንጓዴው ፍሬ ውስጥ የነበረው ላይሲን በደንብ ሲቆላ ጨርሶ የሚጠፋ ያህል ነው። ለቡና በረከት ነው፤ ቡና ለላይሲን ብሎ የሚጠጣ የለም። ለልጅ ገንፎ ግን ኪሳራ ነው።

ጉዳቱ በአንዱ ላይሲን ብቻ አያበቃም። ከቆሽት የሚመጣው፣ ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ሰንሰለቱን የሚቆርጠው ላይሲንና አርጂኒን ባሉበት ነጥብ ነው። ጫፉ በስኳር የተያዘ ላይሲን ጋ ሲደርስ ያልፈዋል፤ ጎረቤት አሚኖ አሲዶችም ሳይፈቱ ይሄዳሉ።

ሽታውን ሳታጡ የምትወጡበት መንገድ ግን አለ፦ ሽታውን ከበቆሎው አውጡት። ከላይ በተመከረው የ60፣ 25፣ 15 ልኬት ከጠቅላላው ላይሲን ውስጥ የበቆሎው ድርሻ 16 ከመቶ ብቻ ነው፤ በቆሎው ወርቃማ እስኪሆን ቢቆላ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ላይሲኑ የተቀመጠው ጥራጥሬው ውስጥ ስለሆነ እሳቱን ከእሱ አርቁ። ዛሬ የምታደርጉት የዚህ ግልባጭ ነው።

አተር ወይም ሽምብራ፦ ለቅማችሁ ማታ ዘፍዝፉት፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። ውሃውን ድፉ፤ መዘፍዘፍ አይረንንና ዚንክን የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ላዩ ሲደርቅ በመካከለኛ እሳት፣ እጅ ሳታሳርፉ እያማሰላችሁ ቁሉት። የማቆሚያው ምልክት ቀለም አይደለም። ገለባው በጣት ሲታሽ መልቀቅ ሲጀምርና የጥሬ ሽታው ሲጠፋ አውርዱት፤ ፍሬው ሲሰነጠቅ ውስጡ ደብዘዝ ያለ ቢጫ መሆን አለበት። እንደወረደ ሰፌድ ላይ በስሱ በትኑት። ትኩሱን ከከመራችሁት ምጣዱ ቢነሳም ክምሩ ውስጥ መበሰሉና መጥቆሩ ይቀጥላል። ብዙ ሰው እሳቱን ጠብቆ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አኩሪ አተር በተቃራኒው ሙቀት ሲያንሰው ይጎዳል። ጥሬው ትሪፕሲንን የሚያግድ ፕሮቲን አለው፤ ካልበሰለ ልጁ የሌላውንም እህል ፕሮቲን በደንብ አይፈጭም፤ ሆዱም ይነፋል። ስለዚህ በምጣድ ሳይሆን በውሃ አብስሉት። የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ይፍላ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቆላ አገር ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚያበስሉ የተጻፈውን አጭር ሰዓት አትከተሉ። በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ መግባቱ የአኩሪ አተርን የሣር ሣር የሚል ሽታ የሚያመጣውን ኢንዛይም ገና ሳይሠራ ይገድለዋል። ከዚያ በእጅ እያሻችሁ ገለባውን አውጡ፣ አስጡ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አሙቁትና ወደ ወፍጮ።

ሦስቱን አንድ ምጣድ ላይ አታቀላቅሉ። ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይሆናል።

ዱቄቱን ላቦራቶሪ የምታስመረምሩ ከሆነ «ጠቅላላ ላይሲን» ሳይሆን ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው፣ ነጻ ጫፉ ያልተነካው ላይሲን እንዲለካ ጠይቁ። በተለመደው ምርመራ ናሙናው ጠንካራ አሲድ ውስጥ ሲቀቀል ከስኳር ጋር ከተያያዘው ላይሲን ከፊሉ ተመልሶ ስለሚፈታ፣ የተጎዳ ዱቄት ደህና መስሎ ይታያል።

ምጥን_ሔርማታ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ በቆሎውን ቆልተን ጥራጥሬውን ማለዘብ ፈጽሞ አላሰብነውም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። የእንክብሉ ጥያቄ አልተመለሰም። ደግሞ አንዳንድ ገዢዎች ስኳርና የዱቄት ወተት ቀላቅለን እንድናሽግላቸው ይፈልጋሉ። ላይሲን የበዛበት የበቆሎ ዘር አለ የሚባለውስ እውነት ነው?

ሕፃናት_ክፍል

ስለ እንክብሉ፦ አትጨምሩ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ነው፤ 500 ሚሊግራም የዚህ ጨው የሚይዘው ንጹሕ ላይሲን 400 ያህል ነው። 10 ኪሎ ዱቄት ውስጥ በእጅ ብታዋህዱት አንዱ ልጅ ብዙ፣ ሌላው ምንም ሊደርሰው ይችላል። በጣም ጥቂት ልጆች ደግሞ ላይሲንን ማፍረስ የማይችሉበት የዘር ሕመም ይዘው ይወለዳሉ፤ ለእነሱ ትርፍ ላይሲን አንጎልን ይጎዳል። አንድ እንቁላል ወደ 450 ሚሊግራም፣ 200 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ወደ 500 ሚሊግራም ላይሲን አላቸው። እናት በእንክብሉ ዋጋ እንቁላል ብትገዛ ልጇ ላይሲኑን ብቻ ሳይሆን ቫይታሚን ቢ12 እና ዚንክም ያገኛል።

ማሸጊያው ላይ ሦስት ነገር ጻፉልኝ። አንደኛ፣ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ለእሱ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ገንፎው ማንኪያ ሲዘቀዘቅ በቀላሉ የማይፈስ ወፍራም ይሁን። ቀጭን ሙቅ ከሆነ ልኬቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሆዱ የሚሞላው በውሃ ነው። ሦስተኛ፣ ምጥን መድኃኒት አይደለም። የልጁን ሁለት እግሮች በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ስትጫኑት ጉድጓዱ ከቀረ፣ ወይም ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ሆኖ የክንዱ የመካከል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር ካነሰ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንዲህ ያለ ልጅ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ በብዛት ቤት ውስጥ ቢሰጠው ሊጎዳ ይችላል፤ የራሱ የሕክምና ምግብ አለው።

የሻገተ በቆሎም አደጋ ነው። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን በመቁላትም በመቀቀልም በአስተማማኝ አይጠፋም። የጅማ እርጥበት ብዙ ስለሆነ በቆሎው ጥርስ ላይ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ይድረቅ። የተሰነጣጠቀውን፣ የጠቆረውንና አረንጓዴ ያለበትን ፍሬ እያንዳንዱን ልቀሙ። በመልቀም የሚጠፋው ሰዓት ትልቅ ዋጋ አለው።

ገንፎና_ቁጥር

ስለ በቆሎው ዘር፦ እውነት ነው። የበቆሎ ፕሮቲን ትልቁ ክፍል ዜይን ይባላል፤ ዜይን ላይሲን የለውም ማለት ይቻላል። በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤድዊን ሜርትዝና ባልደረቦቹ ኦፔክ-2 የተባለው ዘረመል ዜይንን እንደሚቀንስና ላይሲንን እንደሚያሳድግ አሳዩ። መጀመሪያ ፍሬው እንደ ኖራ ለስላሳ ስለነበር ነቀዝ ፈጀው። ፍሬውን ወደ ጥንካሬው የመለሱት ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪዬጋስ ናቸው፤ በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ለዚህ ሥራ ተቀበሉ። እኛም አገር ከባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ እንዲህ ያሉ ዲቃላዎች አሉ፤ ቢኤችኪውፒዋይ 545 የሚባለው ቢጫ ፍሬ አንዱ ነው። የፕሮቲኑ መጠን ከሌላው በቆሎ ብዙ አይለይም፤ ፕሮቲኑ ውስጥ ያለው ላይሲን ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ችግሩ ዘረመሉ የሚሠራው ከአባትም ከእናትም ሲመጣ ብቻ መሆኑ ነው። አጠገቡ ተራ በቆሎ ካበበ የአበባ ዱቄቱ በነፋስ መጥቶ ያረፈበት ፍሬ በዚያው ዓመት ተራ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬ ጋ የምትገዙ ከሆነ ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሐሉ የተሰበሰበውን ጠይቁ። ዲቃላ ስለሆነ ዘሩም በየዓመቱ አዲስ መገዛት አለበት። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ነጋዴ ስለማለላችሁ ብቻ የጥራጥሬውን ልክ አትቀንሱ።

የእህል_ነገር

የዱቄት ወተትና ስኳሩ ይቀረኛል። የዱቄት ወተት ከሲሶ በላይ ላክቶስ ነው። ላክቶስ ከላይሲን ጋር ከሚጣበቁት ስኳሮች አንዱ ስለሆነ፣ ወተቱን ከምጥኑ ጋር አሽጋችሁ ሞቃትና እርጥብ መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጡት፣ ምጣድ ላይ የተከላከላችሁት ነገር ከረጢቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሠራል። ዱቄቱ ከቀን ወደ ቀን እየጠየመ ሲሄድ ካያችሁ ያ ነው። ተራው ስኳር ግን እንዳለ ሆኖ ከላይሲን ጋር አይጣበቅም፤ መጀመሪያ መሰንጠቅ አለበት። ጥፋቱ እርጥበት መሳቡ ነው። ሁለቱንም ለብቻ ይግዟቸው።

አኩሪ አተር ዘይት ስላለው የተፈጨው ምጥን ይሰነፍጣል። እህሉን አዘጋጅታችሁ ሳይፈጭ አስቀምጡ፤ በሳምንት የሚሸጠውን ያህል ብቻ አስፈጩ፤ ከወፍጮ ትኩሱን ሳታሽጉ በትናችሁ ይቀዝቅዝ። ማሸጊያው ላይ የተፈጨበትን ቀን ጽፋችሁ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያልቅ አድርጉ። አበሳሰሉን ለሚጠይቋችሁ እናቶች፦ 100 ግራም ዱቄት በግማሽ ሊትር ውሃ፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ እየተማሰለ ይብሰል። ወተት የሚጨምር ሰው ከእሳት ሊያወርደው ሲል ጨምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያፍላው።